ወንድሜ ከአሪዞና ያመጣት የእንጨት አሻንጉሊት ጣኦት ናት? እናቴ ማድቤት አስወጥታታለች

የቧንቧ ውሃዋ

ሰላም ወሎዬዎች እንዴት ናችሁ፣ ጥያቄዬ ትንሽ ገራሚ ነውና ሳትስቁብኝ አንብቡልኝ። ደሴ ነው ያለሁት፣ የአራት ወር ሴት ልጅ አለችኝ። ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ የጭነት መኪና ነው የሚነዳው፣ በቀደም ለእረፍት ሲመጣ ከልብሱ ከዳይፐሩ ጋር አንዲት ጠፍጣፋ የእንጨት ነገር ለልጄ ብሎ አመጣላት። ቁመቷ ስንዝር ብትሆን ነው፣ ስፋቷ አራት ጣት፣ እጅ የላት እግር የላት፣ ከአንገቷ በታች ነጭ ተቀብታ ቀይ መስመር ቁልቁል ወርዶባታል፣ ፊቷም ነጭ ሆኖ ጉንጭና ጉንጯ ላይ ቀይ ክብ፣ ዓይኖቿ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ጥቁር። ስትይዣት ደግሞ ምንም አትከብድም፣ ባዶ የክብሪት ቀፎ ያነሳሽ ነው የሚመስልሽ። አንገቷ ላይ መስቀያ ክር አላት። ሆፒ የሚባሉ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ጋ አልፌ ሠሪው ራሱ በሩ ላይ ሸጠልኝ፣ ለማን ነው ብሎ ጠየቀኝና ለተወለደች ሴት ልጅ ስለው እንግዲያው ይቺን ውሰድ አለኝ ነው የሚለው፣ ከዛ ውጪ እሱም የሚያውቀው የለም፣ አሁን ደግሞ ተመልሶ ሄዷል።

እኔ ከልጄ አልጋ በላይ ሰቀልኳት። በሦስተኛው ቀን እናቴ አየቻትና ምንድነው ይሄ ስትለኝ እኔ ሞኟ ጎግል አድርጌ «ካቺና ይባላል፣ የመንፈስ ምስል ነው ይላል» ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት!! በቃ አለቀ። «መንፈስ? ክርስትና ከተነሳች አርባ ቀን ባልሞላት ልጅ ራስጌ?» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ይዛ አወረደቻት፣ ጸበል ረጨችባት፣ ማድቤት የማገዶው ክምር ላይ አስቀመጠቻት። ቡና ስናፈላ ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ መጡ፣ እሳቸው እንኳ ይመክሩልኛል ስል «ልክ ነች እናትሽ፣ ምስል ያለበት ቤት መላኢካ አይገባም» አሉኝ። ሁለቱ በሃይማኖት ጉዳይ እንዲህ ሲስማሙ አይቼ አላውቅም ሃሃሃ።

ቁምነገሩን ንገሩኝ እስቲ፣ እውነት የሚመለክ ነገር ነው? ላቃጥላት፣ ለወንድሜ ልመልስለት ወይስ ልስቀላት? የምፈራው አንድ ቀን እንጀራ ሲጋገር ማገዶ ሲያጥር እሷ እንዳትማገድ ነው።


የተዋሕዶ ልጅ 21

እህቴ ምን ያጨናንቅሻል እሳት ውስጥ ክተቺው በቃ። ያልገባሽን ነገር ቤትሽ አታስገቢ። ነገ ዛር ሆኖ ልጅሽ ላይ ቢወጣ ማንን ልትጠይቂ ነው? እናትሽን ስሚ።


የመርሳ ልጅ

በሞቴ አታቃጥያት! ይሄን አንብቢና ከዛ የፈለግሽውን አድርጊ። ከመርሳ ነኝ፣ አሪዞና ፍላግስታፍ የምትባል ከተማ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፣ የማታ ፈረቃ አብሮኝ የሚገባ አንድ የሆፒ ሽማግሌ ነበር፣ ሦስት ጊዜ መንደሩ ይዞኝ ሄዷል። የምነግርሽ ያየሁትንና እሱ ያወራኝን ነው። ያላወራኝም አለ፣ አንዳንዱን ስጠይቀው ዝም ብሎ መንገዱን ያያል፣ በኋላ ገብቶኝ እኔም መጠየቅ ተውኩ።

አገራቸው ሰሜን ምሥራቅ አሪዞና ነው፣ ዙሪያውን የናቫሆ ሕዝብ መሬት ከቦታል። ሜሳ የሚሉት ሦስት አለ፣ ሜሳ ማለት እኛ አምባ የምንለው ነው፣ ልክ እንደ ግሸን አናቱ ሜዳ ጎኑ ገደል። 12 መንደር አላቸው፣ የጥንቶቹ አምባው ጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ነው ያሉት፣ ኦራይቢ የምትባለዋ ከ1100ዎቹ አካባቢ ጀምሮ ሰው ያልተለያት ናት፣ ላሊበላ ሲወቀር እነሱ እዛ በቆሎ ይዘሩ ነበር ማለት ነው። ዝናቡ ግን አይወራ፣ በዓመት ቢበዛ 250 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፣ አብዛኛው ማሳቸው መስኖ የለውም። አሸዋውን በእንጨት መቆፈሪያ ከስንዝር በላይ ይወርዱና እርጥብ አፈር ሲነካቸው እዛ ውስጥ ዘሩን ይጥሉታል። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ብዙ ፍሬ ነው የሚጨምሩት፣ ለአይጡም ለቁራውም ተርፎ እንዲበቅል። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ያንን ማሳ ሳየው አባቴ ቢያየው ራሱን ይዞ ይጮህ ነበር ብዬ ነው ያሰብኩት፣ ደሞ በቅሎ ቆሟል! ሰማያዊ በቆሎ ነው፣ አጭር፣ ቅጠሉ መሬት የሚነካ።

እንግዲህ ዝናብ እንደዛ ለሆነበት ሕዝብ ነው ካትሲና የሚመጣው። ካቺና የፈረንጅ አፍ ነው፣ እነሱ ካትሲና ነው የሚሉት፣ ሲበዙ ካትሲናም፣ የሰዉን የዝናብ ጸሎት ያደርሳሉ የሚሏቸው መናፍስት ናቸው፣ አሻንጉሊቷ የነሱ ምስል ናት። ከፍላግስታፍ አናት ላይ አንድ ተራራ አለ፣ 3,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ከአቡነ ዮሴፍ ያንሳል ግን እዛ ሜዳ ላይ ብቻውን ስለቆመ ከሆፒ መንደር ሆነሽ በሩቁ ታይዋለሽ፣ ደመና መጀመሪያ የሚሰበሰበው እሱ ላይ ነው፣ ልክ ደሴ ላይ ጦሳ ጉም ሲለብስ እንደምታይው። ካትሲናዎቹ ቤታቸው እዛ ነው። በፈረንጅ ዲሴምበር ፀሐይ ከምትመለስበት ጊዜ ጀምሮ ወደ መንደር ይመጣሉ፣ ጁላይ ላይ ይሸኛሉ፣ ግማሽ ዓመት ከሰው ጋር ግማሽ ዓመት ተራራቸው። የሞቱ ዘመዶችም ደመና ሆነው ይመለሳሉ ይላሉ፣ ሰው ሲሞት ፊቱ ላይ ጥጥ ያደርጉለታል፣ ደመና እንዲሆን። ስለዚህ ዝናብ ሲመጣ ለነሱ ዘመድ እንደመጣ ነው። ሽማግሌው አንድ ቀን መኪናዬ መስታወት ላይ ጠብ ጠብ ሲል «አያቴ ናት» አለኝ፣ ቀልዱን መስሎኝ ሳቅኩ፣ እሱ አልሳቀም።

ያንቺዋን ስሟን ላውራሽ። አሻንጉሊቶቹን ቲሁ ነው የሚሏቸው። ካትሲናዎቹ የሚሰጧቸው ለሴት ልጆችና ለሴቶች ነው፣ ወንዶቹ ቀስትና ደጋን ነው የሚያገኙት። ያንቺዋ ጠፍጣፋዋ ደግሞ ሕፃን ሲወለድ የምትሰጠው ናት፣ ከነጉንጯ ቀይ እንደነገርሽን ከሆነ ሃሃይዉቲ ትባላለች፣ ዉቲ ሴት ማለት ነው፣ የካትሲናዎቹ እናት ናት። ያ ሰውዬ ለማን ነው ብሎ የጠየቀው ለዛ ነው። ልጅቷ እያደገች ስትሄድ በየዓመቱ ሌላ ይጨመርላታል፣ እጅ እግር ያለው፣ ቀለሙ የበዛ። ዓይነቱ ከ200 በላይ ነው፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅለው እያየቻቸው ማን ማን እንደሆነ ትለያቸዋለች። ፊታቸው የሚሰግድ የለ፣ ዕጣን የለ፣ ግብር የለ። ግን ደግሞ ዝም ብሎ መጫወቻም አይደለም፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። ሽማግሌው ሲያስረዳኝ ልጅቷ ጥሩ ሆና እንድታድግ፣ እንድትወልድ፣ እንድትጠግብ የተመኘላት ሰው አለ ማለት ነው፣ በእንጨት የተጻፈ ምርቃት ነው በለው አለኝ።


የተዋሕዶ ልጅ 21

«ጸሎት ያደርሳሉ» «ይመጣሉ ይሄዳሉ» ይሄ ሁሉ ምንድነው ታዲያ? ነገ ደሞ እንደ ቅዱሳን አማላጅ ናቸው ልትለን ነው። ለፈረንጅ ባህል ጥብቅና የቆምክ ወሎዬ ዛሬ አየሁ።


የመርሳ ልጅ

ወንድሜ ፈረንጅ አይደሉም እኮ፣ ፈረንጅ ነው መሬታቸውን የወሰደው። ከቅዱሳንም አላወዳደርኩም፣ እሷ የጠየቀችው ይመለካል ወይ ብላ ነው፣ መልሱ አይመለክም ነው፣ ካትሲና ራሱ መልእክት ወሳጅ ነው እንጂ ፈጣሪ አይደለም ነው የሚሉት እነሱ። አንተ አታምንበት፣ እኔም አላምንበትም፣ የሌላውን ነገር ግን ያልሆነውን ነው ብለን ለምን እናቃጥላለን። ዛር ያልከውም አይገናኝም፣ ዛር የሚመጣው አንድ ሰው ላይ ነው፣ ለራሱ ነው የሚጠይቀው፣ ቀይ ዶሮ አምጡ ሽቶ አምጡ ሲል ነው የምናውቀው። እነዚህ የሚመጡት ለመንደሩ በሙሉ ነው፣ ይዘው ነው የሚመጡት፣ ሐብሐብ በሉት በቆሎ በሉት ዳቦ በሉት ለሕዝቡ ሲያድሉ ነው የሚውሉት።

ከፈለጋችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ። ግንቦት አካባቢ አንድ ቅዳሜ ነው፣ ሽማግሌው ስልክህን መኪና ውስጥ ተወው አለኝ፣ ፎቶ ክልክል ቪዲዮ ክልክል በእርሳስ መሳል እንኳ ክልክል ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. አንድ የልጆች ኮሚክ ካትሲናዎችን ወንበዴ አድርጎ ስሎ አወጣና ተናደው ብዙ መንደር ለውጭ ሰው በሩን ዘጋ፣ እኔም በእንግድነት ነው የገባሁት። ሰዉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል፣ ሴቶቹ ልጆቻቸውን አቅፈው፣ መሃል ላይ የአፈር አደባባይ አለ። ካትሲናዎቹ ገቡ። በአንድ ረድፍ። ቀኝ እግራቸውን ነው መሬቱ ላይ የሚመቱት፣ ከጉልበታቸው ሥር የኤሊ ቅርፊት ታስሯል፣ እጃቸው ላይ የቅል መንሿሿ አለ፣ ሠላሳ እግር አንዴ ሲወርድ ድምፁ በጆሮሽ አይደለም የሚገባው፣ በተቀመጥሽበት ጣሪያ በኩል ወደ ደረትሽ ነው የሚወጣው። አንድ ሽማግሌ በረድፉ ፊት እያለፈ የበቆሎ ዱቄት ይነሰንስላቸዋል። ከጠዋት እስከ ማታ እያረፉ እየተመለሱ። እኔ ወንጭፍ የመታኝ ያህል ፈዝዤ ቀረሁ፣ ትዝ ያለኝ ጥምቀት ላይ ካህናቱ ከበሮው እየከበደ ሲመጣ ያለው ነገር ነው፣ (ይሄንንም ማወዳደር ነው እንዳትለኝ ባለ 21)። መሃል መሃል ላይ ሰውነታቸውን አፈር የተለቀለቁ ቀልደኞች ይገባሉ፣ ይስገበገባሉ፣ ይሰርቃሉ፣ ይንከባለላሉ፣ ሕዝቡ በሳቅ ይሞታል፣ በኋላ ካትሲናዎቹ መጥተው ይቀጧቸዋል፣ ሰው መሆን እንዲህ አይደለም ለማለት ነው።


ባቲ ሰኞ ገበያ

ማሻአላህ ደስ የሚል ነው ያጫወትከን። እትዬ ዘሀራን እረዳቸዋለሁ፣ በኛ ቤትም ምስል አይሰቀልም፣ እሱ የሳቸው ሐቅ ነው። ግን ነገሩን ስሰማው እኔ ትዝ ያለኝ ወዳጃ ነው። ዝናብ ሲቀር አባቶች ይቀመጣሉ፣ ቡናው ይፈላል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ ድቤው ይመታል፣ አንዱ ዱአ ያደርጋል ሌላው አሚን ይላል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ነው የሚቀመጠው ባለፈው ጊዜ በተለይ። ሶላተል ኢስቲስቃ ላይ ደግሞ ኢማሙ ልብሱን ይገለብጠዋል፣ ያ አላህ ሁኔታችንን ገልብጠው ለማለት። ሰው ዝናብ ሲያጣ የማያደርገው ነገር የለም። እናቴ በ77 ቆቦ ነበረች፣ ደመና መጥቶ ሳያወርድ ሲያልፍ «ሂድ አንተ ባዶ ጋን» እያለች ትሰድበው እንደነበር እስከዛሬ ታወራለች። እነዚህ ሰዎች ደመናን አያቴ ናት ቢሉ እኔ አልፈርድባቸውም።

ጥያቄ ግን አለኝ ያ መርሳ፣ ለሴት ልጅ የሚሰጡት ካትሲናዎቹ ናቸው አልክ፣ እና እንጨቱን የሚቀርጸው ማነው?


የመርሳ ልጅ

ካትሲናዎቹ ናቸው የሚያመጡት። ከዛ በላይ አትጠይቀኝ ሃሃሃ። የምሬን ነው፣ ልጆች እስከ አንድ ዕድሜ ድረስ የማይነገራቸው ነገር አለ፣ የካቲት ላይ ባለው በዓላቸው ነው ወደ ነገሩ የሚገቡት፣ አዋቂ ሰው ልጅ ባለበት አያወራውም። ጎግል ላይ ሁሉም አለ አውቃለሁ፣ ግን ሽማግሌው በመኪና ስንሄድ የልጅ ልጁ ከኋላ ስለነበረች ወሬውን አቋርጦ «በቆሎው እንዴት ነው» ሲል ሰምቼዋለሁ፣ እኔም እዚህ በቆሎው እንዴት ነው ብል ይሻለኛል። ለገበያ የሚቀረጸው ሌላ ነው፣ እሱን ባለሙያው በግልጽ ቀርጾ ስሙን ከሥሩ ጽፎ ይሸጣል።

የየካቲቱ በዓል ደግሞ ደስ ይላል፣ ፖዋሙያ ይሉታል። ኪቫ የሚባል ከመሬት በታች ያለ ክፍል አላቸው፣ በጣሪያው ቀዳዳ በመሰላል ነው የሚወረደው፣ ውጪ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ እነሱ እዛ ውስጥ እሳቱን ሳያጠፉ ሌት ተቀን ባቄላ ያበቅላሉ፣ በጠዋቱ ካትሲናዎቹ ያንን አረንጓዴ ቡቃያ ይዘው በየቤቱ ይመጣሉ። አስቡት የእኛ ደጋ በልግ ጠብቆ ሰማይ ሰማይ በሚያይበት ጊዜ ነው እኮ። በዛው ሰሞን ነው ሶዮኮ የሚባሉት አስፈሪዎቹ ደሞ የሚዞሩት፣ ትልቅ ጥርስ፣ ቢላና መጋዝ የያዙ፣ በር ላይ ቆመው ይሄ ልጅ እናቱን አይሰማም አሉ፣ ልንወስደው ነው ይላሉ። ልጅቷ የፈጨችውን ዱቄት፣ ልጁ ያጠመደውን አይጥ ምናምን ለመማለጃ ያቀርባሉ፣ አይበቃም ይላሉ፣ ወላጅ ሥጋ ጨምሮ ልጁን ያስለቅቃል። እኛ አያ ጅቦ መጣልህ ነበር የምንባለው፣ የኛ ጅብ ግን በር ድረስ መጥቶ አያውቅም።


ላስታ እንጨት

ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኔ ላሊበላ ወይራ ቀርጬ ነው የምኖረው፣ መስቀልም የቱሪስት ዕቃም እሠራለሁ፣ ስለዚህ ስለ እንጨቷ ልናገር። አትከብድም ያልሽው ትክክል ነው፣ የሚቀርጹት ከአንድ የወንዝ ዳር ዛፍ ሥር ነው፣ ፍሬው ጥጥ የመሰለ ብናኝ የሚያበን ዛፍ፣ ሥሩ ውሃ ፍለጋ ሩቅ የሚሄድ፣ ጎርፍ የጣለውን ነው የሚለቅሙት። ውሃ የሚፈልግ ሥር ለዝናብ ጸሎት መሆኑ ራሱ ነገር አለው። እንጨቱ እንደ ቆርች ቀላል ነው፣ ቢላ ይቀበላል አይሰነጠቅም፣ የኛን ወይራ ግን አንድ ቀን ሙሉ ታግለህ ነው።

አንድ ፈረንጅ ደምበኛ ነበረኝ ሰብሳቢ ነው፣ ፎቶ እያሳየኝ ስለ ፎርጅዱ ነግሮኛል። ፋብሪካ ውስጥ በማሽን እየተጠረበ ፀጉርና ላባ እየተለጠፈበት በርካሽ የሚሸጥ አለ፣ አብዛኛውን የሚሠሩት ሆፒ ያልሆኑ ናቸው፣ ሆፒዎቹ በጣም ነው የሚናደዱት። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ አለ ነባር ሕዝቦች ያልሠሩትን እነሱ እንደሠሩት አድርጎ መሸጥ የሚከለክል፣ ግን ሕጉ ያልሆንከውን ጎሳ ነኝ አትበል ነው እንጂ ሌላ ጎሳ ካትሲና አይቅረጽ አይልም። የድሮዎቹ እውነተኛ ላባ ነበራቸው፣ የዱር ወፍ ላባ መሸጥ በሕግ ስለተከለከለ አሁን ጎበዝ ባለሙያ ላባውንም ከእንጨቱ ነው የሚያወጣው፣ ፎቶውን ሳየው እጄን ነው ያሳከከኝ፣ የላባው ጭረት አንድ በአንድ። ቀለሙም አቅጣጫ አለው፣ ቢጫው ሰሜን ምዕራብ፣ ሰማያዊው ደቡብ ምዕራብ፣ ቀዩ ደቡብ ምሥራቅ፣ ነጩ ሰሜን ምሥራቅ፣ ደመናው ከየትም ይምጣ ተጠርቷል ማለት ነው።

እኛ ጋም ያለ ነገር ነው ልንገራችሁ፣ በር ላይ መስቀል አሥሮ ለቱሪስት የሚሸጠውና ካህን የሚባርክበት መስቀል አንድ እጅ ሊሠራቸው ይችላል፣ አንድ ነገር ግን አይደሉም። ቱሪስቱ አሮጌ ካልሆነ አልገዛም ስለሚል ወይራውን ጭስ ላይ ሰቅለን የምናጠቁር አለን፣ እኔም አድርጌዋለሁ አልክድም። ስለዚህ በሩ ላይ ቁሞ ለማን ነው ብሎ የጠየቀው ሆፒ ከኔ ይሻላል።


አምባ ማርያም

እኔ ከመቅደላ ነኝ፣ አምባው ሥር ነው ያደግኩት። ስለ አሻንጉሊቷ የምለው የለኝም፣ እሷ እንድትታይ የተሰጠች ናት። የማይታየው ግን ሌላ ነው። ጭፈራው ላይ የሚለበሰው የካትሲና ፊት አለ፣ ጭምብል የሚለውን ቃል አይወዱትም፣ ጓደኛ ነው የሚሉት፣ ሕይወት አለው፣ ይመገባል፣ የሚጠብቀው ሰው አለ፣ የማንም የግል ንብረት አይደለም፣ ማንም ሊሸጠው አይችልም። ኤፕሪል 2013 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ 70 ገደማ የሚሆኑትን ጨረታ አወጧቸው። ሆፒዎቹ ለመኑ፣ ጠበቃ ቆመላቸው፣ የፈረንሳይ ፍርድ ቤት ሽያጩ ሕጋዊ ነው አለ፣ መዶሻው ወደቀ። ዲሴምበር ላይ ሌላ ጨረታ ወጣ፣ ያኔ አኔንበርግ የሚባል የአሜሪካ ፋውንዴሽን ዋጋው እንዳይንር ማንነቱን ደብቆ በስልክ እየተጫረተ 24ቱን በ530,000 ዶላር ገዛና አብዛኞቹን ለሆፒ ጥቂቱን ለአፓቼዎች መለሰ። የራሳቸውን ጓደኛ ገንዘብ ተከፍሎበት!

እኔ ይሄን ስሰማ የት እንደሄድኩ ታውቃላችሁ። ሚያዝያ 1860፣ ቴዎድሮስ ከወደቁ በኋላ ከአምባው ላይ የወረደው ዕቃ 15 ዝሆንና 200 ገደማ በቅሎ ነው የፈጀው። ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ 11 ታቦት አለ፣ ተሸፍኖ፣ ተቆልፎ፣ ጎብኚ አያየው የሙዚየሙ ሰው አያየው። ለማንም ካልታየ ለምን አስቀመጡት? በ2002 እ.ኤ.አ. ኤዲንብራ ካለ አንድ ቤተክርስቲያን ቁም ሳጥን ውስጥ የተገኘው አንዱ ታቦት አዲስ አበባ ሲመለስ ሰዉ እንዴት እንደወጣ አባቴ በቴሌቪዥን እያየ አልቅሷል፣ ሰውዬው ሲያለቅስ ያየሁት ያኔና እናቱ ስትሞት ነው። ስለዚህ ባለ 21፣ ያልገባህን አቃጥል ስትል ትንሽ አስብበት፣ የኛንም እኮ ያልገባቸው ናቸው የጫኑት።


የተዋሕዶ ልጅ 21

ታቦትን ከዚህ ጋር!? በቃ እኔ ወጣሁ።


የመርሳ ልጅ

ስለ ተራራው ሳልነግራችሁ። ያ የካትሲናዎቹ ቤት ያልኩት ተራራ ላይ የበረዶ መንሸራተቻ አለ፣ በረዶ ሲያጥር የታከመ የከተማ ፍሳሽ ውሃ አምጥተው በማሽን በረዶ እንሥራበት አሉ። ሆፒዎቹም ናቫሆዎቹም ሌሎቹም ተሰብስበው ከሰሱ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚው ፈረደባቸው፣ ጠቅላዩ ፍርድ ቤት ደግሞ አላየውም አለ፣ አሁን ይረጫል። ሽማግሌው ከሥራ ስንወጣ ሌሊት መብራቱ እዛ ጫፍ ላይ ይታየናል፣ አንድም ቀን ቀና ብሎ አያየውም። ግሸን አናት ላይ የሽንት ቤት ውሃ ሲረጩ አስቡት።


የቧንቧ ውሃዋ

ኧረ ተባረኩ፣ እኔ ሁለት መስመር መልስ ነበር የጠበቅኩት። ትናንት ማታ መብራት ስለጠፋ ለእናቴ በስልኩ ሁሉንም አነበብኩላት (የባለ 21ን ሳይቀር፣ «እውነቱን ነው» ብላለች ለሱ)። ስለ ፍርድ ቤቱ ስለ ፓሪሱ ብዙም ግድ አልሰጣትም፣ በቆሎው ላይ ግን አስቆመችኝ። ስንዝር ሙሉ ተቆፍሮ? በአሸዋ? ስንት ፍሬ? እያለች። የመርሳ ልጅ፣ የሆፒ ሴቶቹ ምን ይጋግራሉ ብለሽ ጠይቂልኝ ብላኛለች።


የመርሳ ልጅ

ሃሃ ለእማማ ይሄን ንገሪያቸው። ፒኪ የሚባል አላቸው፣ ሰማያዊ የበቆሎ ዱቄት በአመድ ውሃ ይበጠበጣል፣ ቀጭን ሊጥ ይሆናል፣ ከሥሩ እሳት የሚነድበት ለስላሳ ጥቁር ድንጋይ አለ፣ በለው የኛ ምጣድ፣ ከናት ወደ ልጅ ነው የሚወረሰው። በሐብሐብ ፍሬ ቅባት ያሹታል፣ ልክ እኛ ምጣድ በጎመንዘር እንደምናስሰው። ከዛ ሴትየዋ በባዶ እጇ ሊጡን ከሳህኑ ዘግና የጋለው ድንጋይ ላይ በመዳፏ ሸርተት ታደርገዋለች፣ ሰከንድ አይሞላም፣ ወረቀት የመሰለ ነገር ይነሳል፣ ይጠቀለላል። እኔ ሞክር አሉኝና ሁለት ጣቴን አቃጥዬ ሳምንት በፋሻ ዞሬያለሁ።


የቧንቧ ውሃዋ

አነበብኩላት። «በባዶ እጃቸው? ሳያሰፉ ሳያዞሩ?» ብላ ዝም አለች፣ የራሷን መዳፍ አየችው። ጠዋት ስነሳ አሻንጉሊቷ ማድቤት የለችም። ደነገጥኩ፣ ማገዶ ሆነች ብዬ ምድጃውን ሁሉ አየሁ። ለካ ሳሎን ስፌዶቹ የተሰቀሉበት ግድግዳ ላይ ሰቅላታለች። ስጠይቃት «ልጅቷ ራስጌ አይሆንም፣ ሥዕለ አድኅኖው ጋም አይሆንም፣ እዚህ ትቀመጥ፣ የባልትና ሰዎች ናቸው» አለችኝ። ዝናብ ይለምናሉ ያልኳትንም አልረሳችም መሰለኝ፣ ነፍስ አባቷን ግን ሳትጠይቅ አትቀርም፣ ገና አላለቀም። እትዬ ዘሀራ ዛሬ መጥተው አይተው ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀመጡ፣ ቡናቸውን እስከ በረካ ጠጥተው ሄዱ።

አንድ ነገር ብቻ፣ ቀዩ ቀለም ጣቴን ነካ አድርጎኛል፣ ቫርኒሽ ልቀባት እያሰብኩ ነው እንዳትለቅ።


ላስታ እንጨት

ኧረ ቫርኒሽ እንዳትነኪያት! ቀለሟ የአፈር ከሆነ ነጩም ቀዩም የተፈጨ ድንጋይ ነው፣ ቫርኒሽ ስትቀቢው ይጨልማል፣ ተመልሶ አይነጣም። ፀሐይ የማያገኛት ግድግዳ ይሁን፣ ከማድቤት ጭስ ትራቅ፣ ስታነሺያት በክሩ። ልጅሽ መቀመጥ ስትጀምር እጇ እንዳይደርስ ብቻ፣ ወደ አፏ ነው የምትወስዳት።


የቧንቧ ውሃዋ

ውይ ቫርኒሹን ገዝቼው ነበር እኮ! እሺ ለበሩ ይሆናል።